እስከ ዘጠና ዓመቱ የተማረ እጅ
የክሬሞናው የአንቶንዮ ስትራዲቫሪ የሕይወት ታሪክ

የእንጨት ሥራ መጨረሻው ቀለም ወይም ቫርኒሽ መቀባት ነው። ብዙ ሰው ታዲያ ቀለም የሥራን ጉድለት የሚሸፍን ይመስለዋል። እንጨት የሚሠራ ሰው ግን የሚያውቀው ተቃራኒውን ነው። በጥሬው እንጨት ላይ ያልታየው የመላጊያ ጠባሳ፣ ብርጭቆ ወረቀት በአግድም ያወጣው ጭረት፣ በመጋጠሚያው ላይ ሳይጠረግ የቀረው የሙጫ ነጠብጣብ፣ ይህ ሁሉ ቫርኒሽ በተቀባ ሰዓት እንደ ጽሕፈት ጎልቶ ይነበባል። ስለዚህ አንድን ዕቃ አሳምሮ መጨረስ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ትዕግሥትን መማር አለበት፤ አስቀድሞ ካልተማረም ሥራው ራሱ በግድ ያስተምረዋል።

ይህን ትምህርት እጅግ ረጅም ዘመን ሲማር የኖረ አንድ ሰው ነበረ። ስሙ አንቶንዮ ስትራዲቫሪ፣ አገሩ ኢጣልያ፣ ሥራውም ቫዮሊንንና የቫዮሊን ዘመዶች የሆኑትን የሙዚቃ መሣሪያዎች መሥራት ነበረ። በመሣሪያዎቹ ሆድ ውስጥ በሚለጥፈው ወረቀት ላይ ስሙ በላቲን አጻጻፍ ስትራዲቫሪዩስ ተብሎ ስለ ታተመ፣ በዓለም ላይ ብዙ ሰው የሚያውቀው በዚሁ አጠራር ነው። ከእጁ ከወጡት ቫዮሊኖች አንዱ፣ በ1721 የተሠራው፣ በ2011 በጨረታ ከ15 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ አውጥቷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እንዲህ ያለ ዋጋ ሲሰማ ሰው ሁሉ ስለ ምሥጢር ያወራል። አንዱ ምሥጢሩ በእንጨቱ ነው ይላል፤ ሌላው በቫርኒሹ ነው ይላል። የሕይወቱን ታሪክ በቅደም ተከተል ስንመለከተው ግን የምናገኘው የሠራውን እየመረመረ፣ ያልተስማማውን እየተወ፣ ሰባ ዓመት ያህል ራሱን ሲያርም የኖረ ሠራተኛ ነው።

ስትራዲቫሪ የተወለደበት ቀን በመዝገብ አልተገኘም። ይሁን እንጂ በሽምግልናው ዘመን በሠራቸው በአንዳንድ መሣሪያዎች ወረቀት ላይ ዕድሜውን በገዛ እጁ ስለ ጻፈ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ በ1644 ገደማ እንደ ተወለደ ይገመታል። የኖረባት ከተማ ክሬሞና በሰሜን ኢጣልያ፣ በሎምባርዲያ ሜዳ፣ በፖ ወንዝ አጠገብ የምትገኝ ናት። እርሱ ከመወለዱ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ አንድርያ አማቲ የተባለ ባለ ሙያ በዚችው ከተማ ቫዮሊንን ዛሬ በምናውቀው መልክ ሠርቶ ነበረ፤ ሙያውንም ለልጆቹ አስተላልፎ አለፈ። በ1630 ግን ብርቱ ቸነፈር በሰሜን ኢጣልያ ገብቶ ሕዝብ ፈጀ። በክሬሞና ከአማቲ ቤት ሙያውን ይዞ የተረፈው የአንድርያ የልጅ ልጅ ኒኮሎ አማቲ ብቻ ነበረ። ከዚህ በኋላ ኒኮሎ ከቤተ ሰቡ ውጭ የሆኑ ተማሪዎችን በቤቱ መቀበል ጀመረ። ቀድሞ የአንድ ቤት ርስት የነበረው ጥበብ በዚህ ምክንያት ለከተማይቱ ልጆች ተከፈተ።

ከስትራዲቫሪ ሥራዎች መካከል እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት በአንዱ፣ በ1666 በተሠራ ቫዮሊን ውስጥ፣ ሠሪው የኒኮሎ አማቲ ተማሪ መሆኑን የሚናገር ወረቀት ይገኛል። በአማቲ ቤት ምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል፤ ነገር ግን የመጀመሪያ ሥራዎቹን የተመለከተ ሰው ከማን እንደ ተማረ አይጠፋውም። ቅርጻቸው የአማቲን ይመስላል፤ ቫርኒሻቸውም እንደ አማቲዎቹ ወርቅማ ቢጫ ነው። በ1667 ፍራንቼስካ ፌራቦስኪ የተባለች ሴት አግብቶ ቤትና ልጆች መሠረተ።

አሁን ታሪኩን ለመከተል እንዲመቸን ቫዮሊን ምን እንደ ሆነ ባጭሩ እንመልከት። ቫዮሊን እንደ ማሲንቆ በደጋን እየተገዘገዘ የሚጮኽ መሣሪያ ነው። ማሲንቆ አንድ አውታር ሲኖረው ቫዮሊን አራት አለው፤ የማሲንቆ ገበቴ በቆዳ ሲለበጥ የቫዮሊን አካል ግን ሁለንተናው እንጨት ነው። ፊቱ ስፕሩስ ከሚባለው ቀላል የጥድ ዘመድ፣ ጀርባውና ጎኑ ደግሞ ሜፕል ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ይሠራል። ፊቱ እንደ ጣራ ጉብ ያለ ነው፤ ይህም የሚገኘው እንጨቱን በመጠምዘዝ ሳይሆን ወፍራም ሳንቃ ከውስጥም ከውጭም በመሮና በትንንሽ መላጊያ እየተፈለፈለ ነው። ተፈልፍሎ ሲያልቅ ውፍረቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይቀራል። እንግዲህ ጭንቀቱ እዚህ ላይ ነው። ወፍራም የቀረ እንጨት ድምፅ ያፍናል፤ ከመጠን ያለፈ የሳሳ እንጨት ደግሞ በአውታሮቹ ጭነት ይጎብጣል። ያልተፋቀውን ነገ መፋቅ ይቻላል፤ የተፋቀውን ግን መመለስ አይቻልም።

ስትራዲቫሪ በቫዮሊን ብቻ አልተወሰነም። ቪዮላና ቼሎ፣ በገናና ጊታርም ይሠራ ነበረ። በ1679 የሠራው ጊታር እስከ ዛሬ በደኅና አለ። በዚያ ዘመን ጊታር አምስት ጥንድ አውታሮች ነበሩት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የሙዚቃው ልማድ ሲለወጥ፣ ሌሎች እጆች ይህን ጊታር ስድስት ነጠላ አውታሮች እንዲሸከም አድርገው ለወጡት፤ በዘመናችን ደግሞ ባለ ሙያዎች ብዙ ደክመው ወደ ጥንቱ መልኩ መልሰውታል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

በ1680 ስትራዲቫሪ በክሬሞና በቅዱስ ዶሜኒኮ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ቤት ገዛ። ከዚያም ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ የሠራው በዚሁ ቤት ነው። እንደሚነገረው በቤቱ ጣራ ሥር ነፋስና ፀሐይ የሚገባበት ክፍት ሰገነት ነበረ፤ ቫርኒሽ የተቀቡ መሣሪያዎችም እንዲደርቁ በዚያ ይሰቀሉ ነበረ።

የቫርኒሹን ነገር ትንሽ ዘርዘር አድርገን ብናየው መልካም ነው። በዚያ ዘመን የነበረው የዘይት ቫርኒሽ የሚሠራው እንደ ተልባ ዘይት ያለውን የሚደርቅ ዘይት ከጥድ ሙጫ ጋር በእሳት በማዋሐድ ነው። ይህ ቫርኒሽ የሚደርቀው እንደ ውሃ በመትነን አይደለም። ዘይቱ ከአየር ውስጥ ኦክሲጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ የፀሐይ ብርሃንም ያፋጥነዋል። ስለዚህ ፈጥኖ መጨረስ የሚፈልገውን ሰው በብዙ መንገድ ይቀጣዋል። አንድ ጊዜ አወፍሮ ቢቀባው ላዩ ቆዳ ያበጃል፤ ታቹ ግን ለስላሳ እንደ ሆነ ይቀራል። የታችኛው ሳይደርቅ ሁለተኛውን ቢደርብበት ሁለቱም ይሸበሸባሉ። ሳይጠነክር በጣት ቢነካው አሻራ ይዞ ይቀራል። አቧራ ባለበት ቤት ቢያደርቀው ብናኙን ሁሉ ይሰበስባል። ፍርሃት ይዞት ከፀሐይ ቢያርቀው ሳምንታት ያልፋሉ፤ ቸኩሎ በብርቱ ፀሐይ ቢያሰጣው ደግሞ ያ ስስ እንጨት ይሰነጠቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው የአገራችን ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ልዩነቱ ቫርኒሽ ካፈሰሱት በኋላ መለቀም እንኳ የማይቻል መሆኑ ነው፤ ፍቆ ከእንጨቱ እንደ ገና መጀመር ብቻ ነው ያለው።

ኒኮሎ አማቲ በ1684 ሞተ። ስትራዲቫሪ በዚያን ጊዜ አርባ ዓመት ገደማ ነበረ፤ ስሙም ከክሬሞና ውጭ መሰማት ጀምሮ ነበረ። በ1690 በፍሎረንስ ይገዛ ለነበረው ለሜዲቺ ቤት መሣሪያዎችን ሠርቶ አስረከበ። ከእነዚህም አንዱ ትልቅ ቪዮላ ዛሬ በፍሎረንስ ይገኛል። እንዲህ ያለ ክብር ያገኘ ሰው የተመሰገነበትን ሥራ እየደጋገመ ቢኖር ማንም አይነቅፈውም ነበረ። ስትራዲቫሪ ግን በዚሁ ሰዓት የለመደውን ቅርጽ ትቶ ሌላ ጀመረ።

አዲሱ ቅርጽ ከቀድሞው ረዘም ብሎ ወገቡና ትከሻው ጠበብ ያለ ነበረ። የተለመደው የቫዮሊን አካል ርዝመት 35 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ሲሆን፣ አዲሱ ግን 36 ሴንቲ ሜትር አልፎ ይሄዳል። ልዩነቱ ስምንት ሚሊ ሜትር ያህል፣ ማለት የጣት ጥፍር ስፋት እንኳ የማይሞላ ነው። ነገር ግን በቫዮሊን ላይ ስምንት ሚሊ ሜትር ብዙ ነው፤ የውስጡ አየር፣ የጉብታው መልክ፣ የቀዳዳዎቹ ቦታ፣ ሁሉም ከዚያ ጋር መስማማት አለበት። በ1690ዎቹ ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ቅርጽ ብዙ ቫዮሊኖች ሠራ። የእነዚህ ቫዮሊኖች ድምፅ ጠለቅና ጠቆር ያለ ነው ይባላል፤ ዛሬም የሚወዷቸው ተጫዋቾች አሉ። ይሁን እንጂ ወደ አሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ስትራዲቫሪ ይህን ረጅም ቅርጽ ተወው።

የብዙ ዓመት ድካሙን እንዲህ መተው ለሰው ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። ሠርቶ የሸጠውን፣ የተመሰገነበትንም ነገር ይህ የመጨረሻው አይደለም ብሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የተወውን ነገር እንደ ከንቱ አለመቁጠሩ ነው። ወደ ቀድሞው ርዝመት ሲመለስ ወደ አማቲ ቅርጽ አልተመለሰም። ጉብታውን ዝቅ፣ ደረቱን ሰፋ፣ መልኩን ጠንከር አደረገው። በ1690ዎቹ ባይንከራተት ኖሮ በ1700 የደረሰበት ቦታ ባልደረሰ ነበረ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ቫዮሊን የሚሠራባቸውን የእንጨት ፎርማዎች፣ ጫማ ሠሪ ፎርማውን እንደሚያኖር፣ ፊደልና ዓመት እየጻፈባቸው ያኖራቸው ነበረ። 1689 የተጻፈበት ፎርማ አለ፤ ሌሎችም አያሌ ናቸው። ፎርማ የሚያኖር ሰው ትናንት ምን እንዳደረገ ያውቃል፤ ትናንት ያደረገውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ከትናንት ሊማር የሚችል።

በቼሎም ላይ ያደረገው እንዲሁ ነው። ቼሎ በጉልበት መካከል ተይዞ የሚመታው ትልቁ የቫዮሊን ወንድም ነው። ስትራዲቫሪ በመጀመሪያ የሠራቸው ቼሎዎች አካላቸው ወደ 80 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ ግዙፎች ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ቼሎ ወፍራሙን ድምፅ ይዞ ሌሎችን ማጀብ ብቻ ነበረ ሥራው። በኋላ ግን ተጫዋቾች በቼሎ ብቻቸውን ፈጣን ዜማ መጫወት ጀመሩ፤ በብረት ክር የተጠመጠመ የአንጀት አውታር ስለ ተገኘም ወፍራም ድምፅ ለማውጣት የግዴታ ግዙፍ አካል አላስፈለገም። ለአንድ ሰው ክንድ የማይመቹት ግዙፎቹ ቼሎዎች እየተተዉ ሄዱ። ስትራዲቫሪ ስድሳ ዓመት አልፎት ሳለ፣ በ1707 ገደማ፣ ርዝመቱ 76 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ አዲስ የቼሎ ፎርማ አወጣ። ይህ ልክ እስከ ዛሬ ድረስ የብዙ ቼሎ ሠሪዎች መነሻ ነው።

ስትራዲቫሪ በእጁ የጻፋቸው ወረቀቶች ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል በነሐሴ 1708 ለአንድ የተከበሩ ሰው የላከው አጭር ደብዳቤ ይገኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው ቫዮሊን እንዲታደስላቸው ሰጥተውት ነበረ፤ ሥራው ግን ዘገየ። ስትራዲቫሪ ለመዘግየቱ ይቅርታ ይለምናል፤ ምክንያቱንም ይነግራቸዋል። በመሣሪያው ላይ ትልልቅ ስንጥቆች ስለ ነበሩ፣ ፀሐይ እንደ ገና እንዳትከፍታቸው በቫርኒሽ መሥራት ጊዜ ወሰደበት። ስለ ድካሙም ፊሊፖ የሚባለውን አንድ የብር ገንዘብ ብቻ ጠየቀ፤ ሥራው ከዚያ የበለጠ ዋጋ እንዳለው፣ ነገር ግን እርሳቸውን ለማገልገል ሲል በዚህ እንደሚበቃው ገለጸ።

ይህን ደብዳቤ ልብ ብሎ ለተመለከተ ሰው የባለ ሙያው ጠባይ በሙሉ ይታየዋል። በዚያን ጊዜ ስትራዲቫሪ ዝናው ከነገሥታት ቤት የደረሰ፣ ስድሳ አራት ዓመት ገደማ የሆነው ሽማግሌ ነበረ። ሆኖም የስንጥቅ እድሳት ከክብሬ በታች ነው ብሎ ለተማሪ አልጣለውም። ፀሐይ ቫርኒሽን እንደምታደርቅ ሁሉ እንጨትን እንደምትከፍትም ያውቃል፤ ይህንም ዕውቀት በሥራ እንጂ በመጽሐፍ አላገኘውም። የሰውየውን ቀጠሮ ለማክበር ብሎ ሥራውን ከማበላሸት ይልቅ ቀጠሮውን አሳልፎ ይቅርታ መለመንን መረጠ። ቸኩሎ ቢሰጣቸው ኖሮ ሰውየው ለጊዜው ይደሰቱ ነበረ፤ በሚመጣው በጋ ግን ስንጥቁ ይከፈት ነበረ።

ከ1700 እስከ 1725 ያለውን ጊዜ የሙዚቃ ሊቃውንት የስትራዲቫሪ ወርቃማ ዘመን ይሉታል። በእነዚህ ዓመታት ቅርጹም ድምፁም ተስማማለት፤ ቫርኒሹም ከአማቲዎቹ ቢጫ እየራቀ ወደሚያበራ ቀይ ዞረ። በ1716 የሠራው አንድ ቫዮሊን ከሁሉ ይልቅ ሳይጎዳ ቆይቷል። ይህን ቫዮሊን ስትራዲቫሪ እስከ ሞተ ድረስ አልሸጠውም ነበረ፤ ከእርሱም በኋላ የያዙት ሰዎች እምብዛም ስላልተጫወቱበት ቫርኒሹ ትናንት የተቀባ ይመስላል። ዛሬ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ በአሽሞልያን ሙዚየም ይገኛል።

የመጀመሪያ ሚስቱ በ1698 ስለ ሞተች፣ በ1699 አንቶንያ ዛምቤሊ የተባለችውን አገባ። ከሁለቱም አሥራ አንድ ልጆች ወለደ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። ፍራንቼስኮና ኦሞቦኖ የሚባሉ ሁለት ወንዶች ልጆቹ ከጎኑ ሆነው እስከ መጨረሻው አብረውት ሠሩ። እርሱ ግን መሣሪያውን ለልጆቹ አስረክቦ አልተቀመጠም። ዘጠና ዓመት ካለፈው በኋላ የሠራቸው ቫዮሊኖች አሉ። በእነዚህ ሥራዎች ላይ የእጅ መንቀጥቀጥና የዓይን መድከም ይታያል፤ ጠርዙ እንደ ጥንቱ ቀጥ ያለ አይደለም፤ በፊቱ ላይ ያሉት ሁለቱ ቀዳዳዎችም ፍጹም እኩያ አይደሉም። ስትራዲቫሪ ይህን አልደበቀም፤ እንዲያውም በወረቀቱ ላይ ዕድሜውን ጨምሮ ጻፈበት።

ሁለተኛዪቱ ሚስቱ በመጋቢት 1737 ሞተች፤ እርሱም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 18 ቀን ዐረፈ። የተቀበረው በቤቱ ፊት ለፊት በነበረው በቅዱስ ዶሜኒኮ ቤተ ክርስቲያን ነው። መቃብሩን ከሞቱ ስምንት ዓመት አስቀድሞ ከሌላ ቤተ ሰብ ወራሾች ገዝቶት ነበረ። በድንጋዩ ላይ የነበረው የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የእርሱ ስም ተቀረጸበት፤ የቀድሞው ጽሕፈት ግን ፈጽሞ አልጠፋም ነበረ። ሌላው ሠራተኛ በችኮላ የፋቀው ድንጋይ በዘመኑ ሁሉ በጥንቃቄ ሲፍቅ በኖረው ሰው ራስ ላይ ዋለ። ቤተ ክርስቲያኑም በ19ኛው መቶ ዓመት ፈርሶ ዛሬ ቦታው የሕዝብ መናፈሻ ሆኗል።

ልጆቹ ኦሞቦኖ በ1742፣ ፍራንቼስኮም በ1743 አባታቸውን ተከትለው ሞቱ። ጨርቅ ነጋዴ የነበረው ልጁ ፓውሎ ፎርማዎቹንና የሥራ ዕቃዎቹን ኮዚዮ ዲ ሳላቡዌ ለተባለ መኰንን ሸጠ። ኋላም ከእጅ ወደ እጅ ተላልፈው በ1930 ለክሬሞና ከተማ ተመለሱ። የክሬሞና የቫዮሊን አሠራርም በ2012 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ከሞቱ በኋላ ግን በመሣሪያዎቹ ላይ ብዙ ነገር ደረሰ። ግዙፎቹ ቼሎዎች ለአዲሱ አጨዋወት እንዲመቹ ዙሪያቸው እየተቆረጠ አነሱ። የሁሉም ቫዮሊኖች አንገት ማለት ይቻላል ተነቅሎ በረጅም አንገት ተተካ። ከዚህ አንዳንዱ ለሙዚቃው ያስፈለገ ነበረ፤ ያለ እርሱም መሣሪያዎቹ በትልልቅ አዳራሽ ሊሰሙ ባልቻሉ። ነገር ግን አሮጌ ቫርኒሽ ደበዘዘ እየተባለ ተፍቆ አዲስ የተቀባበት፣ በላዩም የሚያብረቀርቅ ነገር የተወለወለበት መሣሪያ ብዙ ነው። የተፋቀው ቫርኒሽ አይመለስም። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ ማደሳቸው ነበረ። የሚያድሱትን ነገር ሳያውቁ በማደሳቸው ግን ስትራዲቫሪ በሳምንታት ያደረቀውን በአንድ ከሰዓት በኋላ አጠፉት።

ቫርኒሹ እየጠፋ በሄደ መጠን የምሥጢሩ ወሬ በዛ። በቤተ ሰቡ ዘንድ የቫርኒሹ አሠራር በአሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን ላይ ተጽፎ እንደ ነበረ የሚናገር አፈ ታሪክም አለ። በ2009 ግን በፈረንሳይ አገር የሚገኙ ሊቃውንት ከስትራዲቫሪ አምስት መሣሪያዎች ቅንጣት ወስደው በረቀቀ መሣሪያ የመረመሩበትን ውጤት አሳተሙ። ያገኙትም ከታች ወደ እንጨቱ ጥቂት የገባ የሚደርቅ ዘይት፣ ከላይ ዘይትና የጥድ ሙጫ፣ በአንዳንዱም ላይ ቀይ ቀለም ብቻ ነው። ይህ ሁሉ በዚያን ዘመን ማንም ሠዓሊ ከገበያ የሚገዛው ነገር ነበረ። ደግሞም በ2012 በታተመ ሌላ ምርመራ 21 የቫዮሊን ተጫዋቾች የሚይዙትን መሣሪያ ሳያዩ አዲሱንና ጥንታዊውን አወዳድረው፣ ብዙዎቹ አዲሱን መርጠው ተገኙ። እንግዲህ ስትራዲቫሪ ለልጅ ልጅ የደበቀው አስማት አልነበረውም ማለት ነው። የነበረው ጥሩ እንጨት፣ ተራ ዘይት፣ በፊደል የተለዩ ፎርማዎችና ሰባ ዓመት ያህል የቆየ ምርመራ ነው።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ከስትራዲቫሪ ሞት ሁለት መቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1930ዎቹ፣ የኤሌክትሪክ ጊታር ተፈጠረ፤ ከ1950 ወዲህም አካሉ ድፍን እንጨት የሆነው ዓይነት በዓለም ተሠራጨ። ዛሬ አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታር ገዝቶ ቀለሙን ፍቆ ማደስ የሚወድ ወጣት በብዙ አገር ይገኛል። በዚህ ጊታር ድምፁን የሚቀበለው ከአውታሮቹ ሥር ያለው ማግኔት ስለ ሆነ፣ ቀለሙ እንደ ቫዮሊን ያህል ድምፁን አይነካውም። ስሕተቶቹ ግን እነዚያው ናቸው። አሮጌውን ቀለም በብርቱ ሲፍቅ የአካሉ ጠርዝ ይደፈጠጣል። የእንጨቱ ቀዳዳ ሳይደፈን ቢቀባ ላዩ እንደ ፈንጣጣ ፊት ጎድጓዳ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ብዙ ቢነፋበት ቀለሙ እንደ እንባ ይወርዳል። አንገቱ የሚገባበት ጉድጓድ ሳይሸፈን በላይ በላዩ ቢቀባ፣ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንገቱ አልገባም ይላል። ሳይጠነክር ቢወለውለው ደግሞ ቀለሙን አልፎ እንጨቱ ላይ ይደርሳል።

ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒቱ ስትራዲቫሪ የኖረበት ሥርዓት ነው። አስቀድሞ በቁራጭ እንጨት ላይ መሞከር፤ ምን እንደ ተቀባና ስንት ቀን እንደ ደረቀ መጻፍ፤ የተበላሸውን ከዓይን ከማራቅ ይልቅ በፊት ለፊት ሰቅሎ ለምን እንደ ተበላሸ መመርመር፤ ያላለቀውን አልቋል ብሎ አለመስጠት ነው። ይህ ደግሞ ለእንጨት ብቻ አይደለም። በሒሳብ ደብተሩ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት አይቶ ገጹን የሚቀድድ ተማሪ ፎርማውን እንዳቃጠለ ሠሪ ነው፤ ገጹን አኑሮ ስሕተቱ በየትኛው መሥመር እንደ ጀመረ የሚፈልግ ተማሪ ግን በሚመጣው ዓመት የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ወላጆችና መምህራንም የልጁን ስሕተት ቸኩለው በላዩ ቀለም እንዳይቀቡበት፣ እስኪደርቅም እንዲታገሡት ይገባል።

ስትራዲቫሪ በሕይወቱ ከ1,000 በላይ መሣሪያዎች እንደ ሠራ ይገመታል፤ 650 ያህሉ እስከ ዛሬ ተርፈዋል። ከእነርሱ መካከል ረጃጅሞቹ የ1690ዎቹ ቫዮሊኖችም፣ እጁ የተንቀጠቀጠባቸው የሽምግልናው ሥራዎችም አሉ። ወርቃማ ከሚባሉት ጋር በአንድነት ተከብረው ይኖራሉ፤ ምክንያቱም ያለ እነዚያ እነዚህ አይገኙም ነበረና።